ኤርፖርት ሎት ላይ የሚሸጠው የሮድሳይድ አባልነት ለእኛ አይሠራም፤ እንዳትገቡበት

ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ፣ በተለይ ዱለስ ኤርፖርት ሎት (የመኪና ማቆሚያው) ላይ ተራ የምትጠብቁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትለፉ። የሆነው ትናንት ማታ ነው፣ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

ሰውዬውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስሙን አልጽፍም። ተራ ስንጠብቅ ከመኪና መኪና እየዞረ «የአገሬ ልጅ» እያለ ትከሻ የሚመታው፣ ስልኩ ላይ የገባለትን ኮሚሽን የሚያሳየው፣ «እስከ መቼ መሪ ስትጨብጥ ትኖራለህ?» እያለ ለዙም ስብሰባ የሚጠራው ነው። የሚሸጠው መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ እርዳታ የሚልክ ድርጅት አባልነት ነው፤ ሲመዘገቡ 50 ዶላር ነው፣ ከዚያ በየወሩ 25 ከባንክ ይቆረጣል። ጎማ ቢተነፍስ፣ ባትሪ ቢሞት፣ ቁልፍ ውስጥ ቢቆለፍ፣ ቶው (መኪና መጎተት) ቢያስፈልግ፣ አንድ ስልክ ይበቃል ተባልን። ሰው ላስገባ ደግሞ በየሰዉ ኮሚሽን።

ትናንት ማታ ሃይዌይ 395 ላይ፣ የሴሚናሪ ሮድ መውጫ ጋ ሳልደርስ ካምቢዮው ከዳኝ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። እንደ ምንም ዳር ይዤ ሃዛርድ አበራሁ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መኪናዬ ትወዛወዛለች። ደወልኩ። ብዙ ካስጠበቁኝ በኋላ አንዲት ሴት አነሳች። የአባልነት ቁጥሬን ሰጠኋት፣ የቆምኩበትን ነገርኳት፣ እስከዚያ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ «መኪናው ለግል ነው ወይስ ለሥራ?» ስትል ጠየቀችኝ። ኡበር እሠራበታለሁ አልኳት። መስታወቱ ላይ ምልክቱ ተለጥፎ ምን እደብቃለሁ? ትንሽ ዝም አለችና ከፊቷ ያለውን ጽሑፍ ታነብልኝ ጀመር፦ በክፍያ ሰው የሚያጓጉዝ ተሽከርካሪ በአባልነቱ አይሸፈንም።

«የሸጠልኝ ሰው እኮ የሸጠልኝ ኡበር ሎት ውስጥ ነው፤ እዚያ ያለው ሁሉ የኡበርና የሊፍት መኪና ነው» አልኳት። «እሱን ከወኪልዎ ጋር ይነጋገሩ። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» ብላ መልሴን እንኳን ሳትሰማ ዘጋችው።

ለእሱ ደወልኩ፣ ወዲያው አነሳ። የሆነውን ስነግረው ሳቀ። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ መኪና በጆሮዬ ስር እያፏጨ፣ እሱ ሳቀ። «ወንድሜ፣ አንተ እኮ የገባኸው ለቢዝነሱ ነው፣ ለቶው አይደለም። ያኔ ሁለት ሰው አስገባ ስልህ ብትሰማኝ ኖሮ ዛሬ የቶው ገንዘብ ከኪስህ አይወጣም ነበር» አለኝ። ይህን ቃል በቃል ነው የጻፍኩት። ውሉ እኛን እንደማይሸፍን ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። አውቆ ነው በሾፌር በተሞላ ሎት ውስጥ ሲሸጥ የከረመው። በአገር ልጅነት ቀርቦ፣ ስለ ልጆቼ እየጠየቀ፣ እንዲህ ያለ ነገር! ከሁሉም ያቃጠለኝ ሳቁ ነው።

ማታም ስለነበር የቶው ክፍያው ከበድ ያለ ነበር፤ ከኪሴ ከፈልኩ። #77 ስደውል የቨርጂኒያ ስቴት ፖሊስ አነሳልኝ፣ ቀጥሎ የቪዲኦቲ (የቨርጂኒያ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ሴፍቲ ፓትሮል መጥቶ ቶው ትራኩ እስኪደርስ መብራቱን አብርቶ ከኋላዬ ቆመልኝ። ለዚህ የተከፈለ አምስት ሳንቲም የለም። በየወሩ የምከፍለው ድርጅት ግን ስልኩን ዘጋብኝ።

«ድርጅቱ ሕጋዊ ነው፣ ፈቃድ አለው» እያለ የሚከራከር አይጠፋም። ይኖረው ይሆናል። የግል መኪና ላለው ሰው ቶው ትራክ ይልክም ይሆናል። ግን ፈቃድ መኖሩ አሸጣጡን ንጹሕ አያደርገውም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ፣ ማለትም ኤፍቲሲ፣ ፒራሚድ (ሕገወጥ የማጭበርበሪያ አሠራር) የሚለው ገቢው አገልግሎቱን ፈልጎ ከሚገዛ ደንበኛ ሳይሆን አዲስ ሰው ከማስገባት ሲመጣ ነው። በፈረንጆቹ 2019 አድቮኬር የተባለው ድርጅት በዚሁ ጉዳይ 150 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል፤ እሱም የሚሸጥ እውነተኛ ዕቃ ነበረው። የእኛን ሰውዬ ዙም የገባችሁ አስታውሱ፤ ስለ ቶው ስንት ደቂቃ ተናገረ? ስለ ኮሚሽኑስ? እኔ በነበርኩበት ስለ መኪና መጎተት የተባለው አንድ ስላይድ ላይ አልቋል። ውሉን ማንም አላሳየንም። ምን እንደማይሸፈን የሚዘረዝረው ገጽ የደረሰኝ ከከፈልኩ በኋላ በኢሜይል ነው፣ ከብዙ ገጽ በታች፣ በደቃቅ ፊደል።

የተመዘገባችሁ ካላችሁ ለእሱ በመደወል ጊዜ አታጥፉ፤ እንደ እኔ ይስቅባችኋል። ለድርጅቱ መሰረዛችሁን በጽሑፍ ላኩ፣ ለባንካችሁም ቀጣዩ ክፍያ ሊቆረጥ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን ሲቀረው አስቁሙልኝ በሉ፤ ይህ በሕግ መብታችሁ ነው። ለኤፍቲሲና ለግዛታችሁ አቃቤ ሕግ አመልክቱ፣ ብዙ ሆነን ስናመለክት ነው የሚሰማን። ሮድሳይድ የምትፈልጉ መጀመሪያ የመኪና ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ፣ ብዙዎቹ በወር በጥቂት ዶላር ይጨምሩላችኋል። ግን ኡበር እንደምትሠሩ በግልጽ ነግራችሁ፣ ይሸፍናል የሚለውን መልስ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሰውዬው ቅዳሜ ሎቱ ላይ ይመጣል። አዲስ የገቡትን ልጆች ቀድማችሁ ንገሯቸው።