በብስክሌት ሩቅ አገር ለመሄድ ለምታስቡ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ከታጂኪስታን ዱሻንቤ እስከ ኪርጊስታን ኦሽ ያለውን የፓሚር አውራ ጎዳና በብስክሌት ጨርሼ በሰላም ተመልሻለሁ። ለዚህም ከፈጣሪ ቀጥሎ የማመሰግናቸው ብስክሌቱን መርጠው ያዘጋጁልኝን አዛውንት ባለሙያ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ፣ አድራሻቸውን የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

እርሳቸውን ከማግኘቴ በፊት የደረሰብኝን ሳልናገር ባልፍ ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል። ስሙን የማላነሳው አንድ ሻጭ የት እንደምሄድ እንኳ ሳይጠይቀኝ ለውድድር የተሠራ፣ ጎማው ቀጭን የሆነ ብስክሌት አውጥቶ ከዚህ የተሻለ የለም አለኝ፤ ዕቃዬን የት እንደምጭን ስጠይቀው "በጀርባህ ተሸከመው" ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ሻጭ የሸጠልኝ ብስክሌት ደግሞ ጭነት ሲያርፍበት መሪው ይርገበገብ ነበር፤ ሰውዬው ግን ጥፋቱን በእኔ አነዳድ አላከከ፣ ገንዘቤን ሊመልስልኝ ይቅርና ብስክሌቱን ዞር ብሎ ለማየት እንኳ አልፈቀደም። ይህን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል።

እኚህ ሰው ግን ስለ ብስክሌት ምንም ሳይናገሩ "ልጄ፣ መጀመሪያ የምትጭነውን ሁሉ ይዘህ ና" አሉኝ። ድንኳኑን፣ ምድጃውንና የውኃ መያዣውን ሳይቀር አምጥቼ ሲመዘን ወደ 25 ኪሎ ሆነ። ከዚያ በኋላ ውዱን ትተው ከብረት የተሠራውን ከባዱን አወጡልኝ። ምክንያታቸው ሁሉ ገብቶኛል ብዬ አልዋሽም። የገባኝ፣ የብረት ቴላዮ (ጎማውና መሪው የሚገጠሙበት የብስክሌቱ አጥንት) ቢሰነጠቅ በያጅ ባለበት ሁሉ ሊጠገን እንደሚችል፣ ሰፊ ጎማም በጠጠር መንገድ ላይ ንዝረቱን እንደሚያበርድ ነው። ስለ ማርሽ ጥርሶች ያስረዱኝን ግን ራሴን እየነቀነቅሁ ከመስማት በቀር አልተከታተልሁትም።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ቀጥሎ ያደረጉትን ነው። ቦርሳዎቹን ጭነው ፔዳል እንድመታ አደረጉኝና ጎንበስ ብለው ተረከዜን ሲመለከቱ ቆዩ፤ ቦርሳውን እንደሚነካ ሲያዩ የኋላውን መጫኛ ፈተው ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት። ከዚያም የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ እንደ ክራር አውታር በጥፍራቸው እየመቱ ያዳምጡ ጀመር። ድምፁ የላላው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ በትንሽ ቁልፍ ጥቂት ያጠብቃሉ፣ ደግመው ይመታሉ። ሌላ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቃቸው እንኳ አልቸኮሉም። በመጨረሻ ትርፍ ሽቦዎችን በቴላዮው ላይ በፕላስተር አሰሩልኝ፤ ከተገጠሙትም አንዱን ነቅለው ራሴ እንድመልሰው አዘዙኝ። እጄ ሲርበተበት "አይዞህ፣ እዚህ ተሳሳት፤ እዚያ ማን ያይልሃል?" አሉኝ። ለዚህ ሁሉ ድካም ከብስክሌቱ ዋጋ ውጪ ሳንቲም አልጠየቁኝም።

4,655 ሜትር ከፍታ ያለውን የአክ ባይታል የተራራ መተላለፊያ ስወጣ፣ በእነዚያ ባልገቡኝ የማርሽ ጥርሶች አማካይነት ሳልወርድ ዝግ ብዬ መሄድ በመቻሌ፣ የሚሰማኝ ሰው ባይኖርም ድምፄን ከፍ አድርጌ መርቄያቸዋለሁ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ረጅም ጉዞ የምታስቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እርሳቸውን አማክሩ፤ ደግሜ እላለሁ፣ አማክሩ። ሥራቸውን በጥድፊያ ስለማይሠሩ ከበረራችሁ ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ ጭነታችሁንም አትርሱ፣ ባዶ እጁን የመጣውን መልሰው ይልኩታል።