«አረንጓዴው ምን አይቶ ነው?» ብለው ለጠየቁን ጋሼ ምስጋና

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ሦስት ወር ዘግይቻለሁ። ሥራው ፋታ ነሳን እንጂ ምስጋናው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አፌ ላይ ነበር። ጅማ ውስጥ ከሰርቨር፣ ከኔትወርክ ወይም ከሶፍትዌር ፍተሻ ጋር የምትታገሉ ሁሉ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እኛ አራት ነን። ሂርማታ ገበያ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንሠራለን። ሶፍትዌራችን ለትንንሽ መሥሪያ ቤቶች የሚሆን ነው። አንድ ሰርቨር ላይ ይጫናል፣ በላዩ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በአንድ ዕቃ ውስጥ በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮችን፣ ያስነሳል፣ ኔትወርኩን ይከፋፍላል። ዌብሳይት እንደመሥራት አይደለም። ፕሮሰሰሩ ይህን ሥራ፣ ቨርቹዋላይዜሽንን፣ መደገፍ አለበት፤ ኔትወርክ ካርዱም እኛ ያሰብነው ዓይነት መሆን አለበት። ዕቃው ከተቀየረ ኮዱም ጠባዩ ይቀየራል።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ደንበኛ ጋ አዲሱን እትም ጫንን። አዲስ ኮድ በላክን (ፑሽ ባደረግን) ቁጥር የሚፈትሽልን የክላውድ አገልግሎት፣ ሲአይ የምንለው፣ ሁሉንም አረንጓዴ፣ ማለትም «ችግር የለም»፣ አድርጎ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ ስልክ ተደወለ። አንድም ቨርቹዋል ማሽን አልተነሳም። ሥራ አስኪያጁ አልጮኹብኝም፤ ቀስ ብለው ነው የለመኑኝ። እሱ ደግሞ ይበልጥ ያማል። ሥራቸው ሁለት ቀን ሙሉ ቆመ።

ጓደኛዬ ከጋሼ ጋር ያገናኘችኝ በዚያው ሳምንት ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ እዚህም ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ለረጅም ዓመታት ሰርቨር ክፍል ውስጥ ሠርተዋል፤ አሁን በግላቸው ይሠራሉ። የመጡት ሐሙስ ቀን ነበር፣ ገበያው ሞልቶ መተላለፊያ የለም። በርጩማ ሳብ አድርገው ተቀመጡ። ቡናው ሳይቀዳ «ሎጉን አሳዪኝ» አሉ፤ ፍተሻው ያደረገውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ማለታቸው ነው።

ማጠቃለያውን ከፈትኩላቸው። «ይሄን አይደለም፣ ሙሉውን» አሉ። መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር ማንበብ ጀመሩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይሄ አረንጓዴ ምን አይቶ ነው አረንጓዴ የሆነው?»

መስመሩ «ኬቪኤም አልተገኘም፣ ታልፏል» ይላል። የሚቀጥለውም እንዲሁ። ከሱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ኬቪኤም ማለት ሊነክስ በፕሮሰሰሩ እገዛ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳበት ክፍሉ ነው። ቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሱት ፍተሻዎች በሙሉ ተዘለዋል። የተከራየናቸው ማሽኖች ራሳቸው ቨርቹዋል ነበሩ፤ በውስጣቸው ሌላ ቨርቹዋል ማሽን በፕሮሰሰሩ እገዛ እንዲነሳ አልተፈቀደም። የኛ ኮድ ደግሞ ኬቪኤምን ሲያጣ ዝም ብሎ እንዲያልፍ ተጽፏል። ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሼ አልወቀሱኝም። «እዚህ ላይ ማለፍ መውደቅ ነው በይው» አሉኝና እዚያው አስተካከልነው። በማግስቱ ገጹ ቀይ በቀይ ሆኖ አደረ። እንደዚያ ቀን ቀይ አይቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እኔ የቸኮልኩት የትኛውን አገልግሎት ልግዛ ብዬ ነበር። ጋሼ መጀመሪያ ፍተሻዎቻችንን በሦስት ከፈሏቸው። ምንም ዕቃ የማይፈልጉት የትም መሮጥ ይችላሉ። ኬቪኤም የሚፈልጉት ለብቻ። እውነተኛ ኔትወርክ ካርድ፣ እውነተኛ ዲስክና እውነተኛ ሪስታርት የሚፈልጉት ደግሞ ለብቻ። ይሄ ክፍፍል ብቻውን ግማሹን ጭቅጭቅ አስቀረልን።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙከራ ሆነ። ያው ኮድ፣ ያው ፍተሻ፣ በየአገልግሎቱ አሥር አሥር ጊዜ። ወረፋ ላይ ስንት ደቂቃ ቆየ? ኮዱ ሳይነካ ስንቴ ወደቀ? የትኛው ፕሮሰሰር ደረሰን? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ለኔ አዲስ ነበር። በክላውድ ላይ ዛሬ የተሰጠሽ ፕሮሰሰርና ነገ የሚሰጥሽ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። የፍጥነት ልኬት ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ኬቪኤም ሊነክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እሱ ከሌለ ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ኪውኢኤምዩ፣ እያንዳንዱን ትዕዛዝ በሶፍትዌር መተርጎም ይኖርበታል፤ በሰከንዶች የሚነሳው ማሽን ደቂቃዎች ይፈጃል። የኮድ ማከማቻው የጊትሃብ የፍተሻ አገልግሎት፣ ጊትሃብ አክሽንስ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ለአንድሮይድ ኢሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ ስልክ መስሎ ለሚሠራው ፕሮግራም) ብሎ ኬቪኤምን በመደበኛ የሊነክስ ራነሮቹ፣ ማለትም ፍተሻውን በሚያሮጡት ማሽኖች፣ ላይ ከፍቷል። ፈቃዱን ግን ዕቃውን ማን እንዲነካ በሚወስነው የሊነክስ ዩዴቭ ደንብ ራስሽ መስጠት አለብሽ፤ የኬቪኤም ፋይል እያለ ፍተሻው «የለም» ሊል ይችላል። ይህችን ነገር ያሳዩን ጋሼ ናቸው። ሁለተኛውን ክፍል እዚያ አደረግነው። ለፕራይቬት ሪፖ (ለሌላ ሰው ለማይታይ የኮድ ማከማቻ) በወር 2,000 ደቂቃ በነጻ ይሰጣል፤ አንድ ሥራ ደግሞ ከ6 ሰዓት በላይ መሮጥ አይችልም። ለኛ ይበቃናል።

ሦስተኛው ክፍል ነው ያስቸገረው። እኔ ቨርቹዋል ያልሆነ ሙሉ ማሽን በሰዓት የሚያከራዩትን አይቼ ልቤ ሸፍቶ ነበር። ካርድ ላይ ዶላር ማስሞላት ሁሉ ጀምሬያለሁ። ጋሼ ግን ሁለት ነገር አስታወሱኝ። ሌላው የፍተሻ አገልግሎት፣ ትራቪስ ሲአይ፣ ለኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነ ሥራ) የነበረውን ነጻ ገጹን እ.ኤ.አ. በ2021 ዘጋ፤ ብዙ ሰው ፍተሻውን ተሸክሞ ቤት ፍለጋ ወጣ። እንዲህ ዓይነት ሙሉ ማሽን በማከራየት የታወቀው ኢኩዊኒክስ ሜታልም አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2026 እንደሚያቆም አስቀድሞ አስታውቋል። ስለዚህ የፍተሻውን ደረጃዎች በሙሉ በሼል ስክሪፕት (ሊነክስ በቀጥታ በሚያነባቸው ትዕዛዞች) እንድንጽፍ አደረጉን። የአገልግሎቱ የራሱ የማዘዣ ፋይል፣ ያምሉ፣ ስክሪፕቱን ከመጥራት በቀር ሥራ የለውም። ነገ ቤት ብንቀይር የምንቀይረው ጥቂት መስመር ነው።

ለኪራዩ ደግሞ «ገንዘብሽን አስቀምጪው» አሉኝ። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣች አሮጌ ሰርቨር ነበረችን። እሷን ራነር አደረጓት። ራነሩ ራሱ ወደ ውጭ ደውሎ ሥራ ይጠይቃል እንጂ ከውጭ ማንም አይደውልለትም፤ ስለዚህ ፐብሊክ አይፒም (ከውጭ የሚታይ አድራሻ) ሆነ የተከፈተ ፖርት (መግቢያ በር) አላስፈለገንም። ለኛ አገር ኢንተርኔት ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቀው አስጠነቀቁን፤ የጊትሃብም ምክር ይኸው ነው። የራስን ማሽን ለሁሉም ክፍት ከሆነ ሪፖ ጋር አታገናኙ። የማታውቁት ሰው በሚልከው ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ለውጥ ሐሳብ) ውስጥ ያለ ኮድ ቤታችሁ ገብቶ ሊሮጥ ይችላል።

አሁን ወደ መብራት ልምጣ። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሲያጉረመርም መብራቱ አብሮ ይሄዳል። ጋሼ የሰርቨሯ መነሻ ቅንብር (ባዮስ) ውስጥ ገብተው መብራት ሲመለስ ሰርቨሯ በራሷ እንድትነሳ አደረጉ። ስክሪፕቱም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዩፒኤሱን (መጠባበቂያ ባትሪውን) ይጠይቃል፤ ባትሪ ላይ ከሆነ ይጠብቃል። ከርነሉ ቢደርቅ ዋችዶግ የሚባለው ጠባቂ እንደገና ያስነሳዋል።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ሲሪያል ኬብሉን ነው። ከሰርቨሯ ጀርባ ወደ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ አገናኙት። ከርነሉ ሲወድቅ የመጨረሻ ቃሉን በዚያ በኩል ይናገራል፣ ላፕቶፑ ይመዘግባል። ከተተከለ በዘጠነኛው ቀን ሌሊት ሰርቨሯ ወደቀች። ጠዋት ስንመጣ ላፕቶፑ ላይ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ስም ከነስህተቱ ተጽፎ ጠበቀን። በአንድ ቀን አስተካከልነው። ደንበኛ ጋ ሳይደርስ።

ስለ ክፍያቸውም ልናገር። ያስከፈሉን የሠሩባቸውን ቀናት ብቻ ነው። ሲጨርሱም ከመካከላችን ትንሹን ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠው ሁሉንም ነገር አፍርሶ እንደገና እንዲሠራ አደረጉት። ሲሳሳት አልነኩበትም። እስኪገባው ድረስ ጠበቁት። ዛሬ ሰርቨሯን የሚጠብቀው እሱ ነው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ያን ሐሙስ ባይመጡ ኖሮ ያንን ደንበኛ ብቻ ሳይሆን ልባችንንም እናጣ ነበር።

ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ያላችሁ ተማሪዎች፣ በከተማው ሰርቨር ይዛችሁ የምትንገላቱ፣ ባለሙያ የምትፈልጉ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ከ11 ሰዓት በኋላ ይመቻቸዋል። ስትሄዱ ሙሉውን ሎግ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።