የማንዳሪን ዓሣ የ7 ቀን ዋስትና አያታልላችሁ

ቤታችሁ የጨው ውሃ አኳሪየም ያላችሁ፣ ወይም ለልጆቻችሁ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ማንዳሪን የሚባለውን ዓሣ አትግዙ። እኔ ገዝቼ በአምስት ሳምንት ውስጥ በረሃብ ሞተብኝ። ምግብ ነፍጌው አይደለም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ እሰጠው ነበር።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ለልጄ ልደት ብለን 20 ጋሎን የሚይዝ ገንዳ አቆምን፤ 75 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ሁለት ክሎውንፊሽ አስገባን። እነሱ በደህና ሰነበቱ። በሦስተኛው ወር ጨው ልንገዛ ወደ መደብሩ ስንመለስ ልጄ አንዱ መስታወት ላይ ተለጥፋ ቀረች።

አይታችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ። ቁመቱ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ሰማያዊው መደብ ላይ ብርቱካናማና አረንጓዴ መስመር እንደ ጥለት ተጠማዝዞበታል። እንደ ሌላው ዓሣ ከላይ አይዋኝም። ከድንጋይ ድንጋይ ዝቅ ብሎ እየተንሳፈፈ፣ ቆም እያለ፣ አሸዋውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ዋጋ መለያው ላይ «ማንዳሪን ጎቢ» ይላል።

ሻጩን ጠየቅሁት። «ለጀማሪ ይሆናል ወይ?» አልኩት። ይሆናል አለኝ። 20 ጋሎን ይበቃዋል፤ ከታች የሚወድቀውን ትርፍራፊ ይለቃቅማል፤ ገንዳውንም ያጸዳላችኋል አለ። ለመጀመሪያው ሰሞን እንዲሆነው ብሎ ኮፔፖድ የሚባል፣ በሕይወት ያለ የደቃቅ ፍጥረት ምግብ አንድ ጠርሙስ ጨመረልን። ዓሣው 40 ዶላር፣ ጠርሙሱ 28 ዶላር። ደረሰኙ ላይ የ7 ቀን ዋስትና ተጽፏል። እኔም ዋስትና ካለው ምን ያስፈራኛል ብዬ ከፈልኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ የሚል ነበር። ዓሣው ቀኑን ሙሉ ድንጋዩን ሲለቅም ይውላል። እኛም እየበላ ነው ብለን አረፍን። ደረቁን ምግብ ስንበትንለት ግን ዞር ብሎም አያየው። በረዶ የሆነውን ሽሪምፕ አቅልጬ ሰጠሁት፤ አፍንጫው ስር አለፈ፤ ክሎውንፊሾቹ ቀለቡት። በሦስተኛው ሳምንት ሆዱ ወደ ውስጥ ገባ። በአራተኛው ወደ መደብሩ ደወልኩ። ዋስትናው አልፏል አሉኝ። ምናልባት ውሃህ ተበላሽቶ ይሆናል፣ አምጣና እንመርምረው አሉ። ወሰድኩላቸው። ውሃው ደህና ነው ተባልኩ። ከዚያ በላይ የነገረኝ ሰው የለም።

የጨው ውሃ ዓሣ ለረጅም ዓመት ያረባ የሥራ ባልደረባ አለኝ። በአምስተኛው ሳምንት ቤት መጥቶ አየልኝ። ጎንበስ ብሎ አንዴ ሲያየው ነው የገባው። «አልታመመም። ተርቧል» አለኝ። መብራቱን አጥፍቶ በባትሪ መስታወቱን አበራ። ገንዳው ቆይቶ፣ ደቃቅ ፍጥረት የሞላበት ቢሆን ኖሮ በመስታወቱ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ሲዘሉ ታይ ነበር አለኝ። እኛ ጋ ሦስት ወይ አራት ነጥብ ብቻ ነው ያየነው። ዓሣው በማግስቱ ሞተ። ልጄ ትምህርት ቤት እያለች አወጣሁት።

እነዚያ ነጥቦች ኮፔፖድ ናቸው። ከሽሪምፕ ወገን የሆኑ፣ አብዛኞቹ ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ፍጥረቶች። ማንዳሪን የሚኖረው ምዕራብ ፓስፊክ ነው። ከጃፓን ደቡባዊ ደሴቶች ጀምሮ በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ በኩል እስከ አውስትራሊያ ድረስ፣ የኮራል ስብርባሪ መሃል ይገኛል። እዚያ ኮፔፖዱንና መሰሎቹን አንድ በአንድ ሲለቅም ይውላል። አፉ ትንሽ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር ካልሆነ ብዙውን ጊዜ ምግብ መሆኑንም አያውቅም። ትርፍራፊ ይበላል፣ ገንዳ ያጸዳል የተባልነው ሁሉ ስህተት ነው።

ልምድ ያላቸው ሰዎች ለአንድ ማንዳሪን ቢያንስ 75 ጋሎን፣ ማለትም 280 ሊትር ገደማ ይላሉ። ገንዳው ከስድስት ወር በላይ የቆየ፣ ቢቻል ዓመት የሞላው፣ ላይቭ ሮክ፣ ማለትም ደቃቅ ሕያው ፍጥረት የሚኖርበት ቀዳዳማ ድንጋይ፣ የበዛበት መሆን አለበት። ኮፔፖዱ የሚራባው እዚያ ድንጋይ ውስጥ ነው። እንደ ሲክስላይን ያለ ኮፔፖድ ለቃሚ ዓሣ አብሮት ካለ ደግሞ ይሻሙበታል። የኔ ገንዳ የሦስት ወር ልጅ ነበረች። የነበራትን ጥቂት ኮፔፖድ በጥቂት ሳምንት ጨረሰው። ጠርሙሱም አላዳነንም። ጠርሙስ ከገዛችሁ መደብሩ ውስጥ ሳላችሁ በስልካችሁ መብራት አብሩበት። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ካላያችሁ መልሱት።

አሁን ዋስትናውን አስቡት። የተራበ ማንዳሪን በሳምንት አይሞትም። ከመጣበት የያዘው ትንሽ ስጋ አለ። ገንዳው ውስጥም ትንሽ የሚለቀም ያገኛል። ስለዚህ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የ7 ቀን ዋስትና በመንገድ ተጎድቶ ለመጣ ዓሣ ይጠቅማል። ረሃብን በፍጹም አይደርስበትም። መደብሩ ኪሳራውን አያየውም፤ ገዢውም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። እኔ ለሳምንታት ውሃውን ነው የጠረጠርኩት። ሻጩ አውቆ ዋሽቶኝ ነው ወይስ እሱም አያውቅም? እግዜር ይወቅ። ለዓሣው ግን ያው ነው።

ልትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ጠይቁ፤ ፊታችሁ ያብሉት። «አሁን በልቷል፣ ነገ ና» ካሏችሁ ነገ ሂዱ። የቀለጠ ሽሪምፕ ወይም እንክብል ምግብ ሲውጥ በዓይናችሁ ካላያችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። ሆዱንም እዩ። ከጎን ክንፉ ኋላ ገባ ያለ ከሆነ፣ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ገዝፎ ከታየ፣ መደብሩ ውስጥ እያለ መራብ ጀምሯል ማለት ነው። ከባሕር ያልተያዘ፣ በእርባታ የተወለደ ማንዳሪንም ይሸጣል። ዋጋው ወደድ ይላል፤ ግን ብዙዎቹ የተዘጋጀ ምግብ ተለማምደው ነው የሚመጡት። የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። እሱንም ቢሆን ሲበላ ሳታዩ አትውሰዱት።

ስሙም ያሳስታል። «ማንዳሪን ጎቢ» ይባል እንጂ ጎቢ አይደለም። ድራጎኔት የሚባል ሌላ ወገን ነው። «ስኩተር ብሌኒ» ብለው የሚሸጡትም ብሌኒ አይደለም፤ እሱም ድራጎኔት ነው፤ ችግሩም አንድ ነው። ትንሽ ገንዳ ኖሯችሁ ከታች የሚኖር ዓሣ የምትፈልጉ ከሆነ ቢጫው ዋችማን ጎቢ ይሻላችኋል። ወደ ታች የሚሰጥም ሽሪምፕ ብዙ ሳያስቸግር ይበላል። አሸዋ በአፉ የሚያበጥረውን ዳይመንድ ጎቢ ግን ለትንሽ ገንዳ ተዉት፤ እሱም አሸዋው ውስጥ ያለውን ጨርሶ ይራባል።

ይህን የምታነቡት ማንዳሪን ቤታችሁ ገብቶ ከሆነ ዛሬውኑ ሆዱን እዩ። ከሳ ካለ ብራይን ሽሪምፕ የሚባለውን የትንሽ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት እንቁላል ግዙ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ጨው ውሃ ውስጥ፣ አየር እየነፋችሁበት፣ ሞቅ ባለ ቦታ ካቆያችሁት በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ስለሚንቀሳቀሱ ዓሣው የማየት ዕድሉ ሰፊ ነው። ፓምፑን ለ15 ደቂቃ አጥፉና በረጅም ጠብታ ማንጠብጠቢያ አጠገቡ ልቀቁለት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት። ሌሎቹ ዓሦች ከቀደሙት ትንሽ ብልቃጥ በጎኑ አስተኙና ምግቡን እዚያ ውስጥ አድርጉት፤ ማንዳሪኑ ቀስ ብሎ ገብቶ መልቀም ይለምዳል። ኮፔፖድ ስትጨምሩ ደግሞ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ፊልተሩን አቁማችሁ ይሁን። አለበለዚያ ግማሹ ፊልተር ውስጥ ይቀራል።

በሁለት ሳምንት ሆዱ ሞላ ካላለ ትልቅና የቆየ ገንዳ ላለው ሰው ስጡት። ባልደረባዬ 120 ጋሎን ገንዳ አለው፤ እወስደው ነበር ብሎኛል። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሆዱ ገና መግባት ሲጀምር ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ዓሣው ሊተርፍ ይችል ነበር።