ሞተር ላስተማሩኝ «እትዬ» ምስጋና፣ ለመማር ላሰባችሁም ጥቆማ

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ሜሪላንድ ያላችሁ። ይህን ጽሁፍ ሦስት ወር ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። ኮርሱን በጨረስኩ ማግስት ብጽፈው ኖሮ ሙገሳ ብቻ ይሆን ነበር። አሁን ግን በዝናብም በማታም ነድቻለሁ። አንዴም ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ሞተሩን ከነራሴ ጥያለሁ። ሁለት የአገር ልጆች ሮጠው መጥተው አነሱልኝ፤ ይህን ካነበባችሁ እናንተንም አመሰግናለሁ፣ ሳቃችሁን እስክሄድ ስለያዛችሁልኝም ጭምር።

የማመሰግናቸውን ሴት ስም አልጽፍም፤ ፈቃዳቸውን አልጠየቅሁም። በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ቅዳሜና እሁድ በአንድ የማህበረሰብ ኮሌጅ መኪና ማቆሚያ ላይ ጀማሪ ሞተረኞችን ያሰለጥናሉ። በልቤ «እትዬ» ነበር የምላቸው፤ እዚህም እትዬ ልበላቸው።

ሞተር ልገዛ ነው ስላት ባለቤቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን «መጀመሪያ ተማር፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አለች። እናቴ ደግሞ በስልክ «ሰው ከሁለት ጎማ ወደ አራት ያድጋል፤ አንተ ምነው ቁልቁል?» ብላ ዘጋችብኝ። እኔ በበኩሌ ትምህርት የሚባለው ነገር የገንዘብ ብክነት መስሎኝ ነበር። ሞተር እንደሁ አውቃለሁ! አጎቴ የግብርና ባለሙያ ነበሩ፤ ገበሬ የሚጎበኙባት አንዲት ያማሃ ከመሥሪያ ቤት ተሰጥታቸው ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ከመከር በኋላ በታጨደ ማሳ ላይ አስተማሩኝ። ትምህርቱ በጠቅላላው ይህ ነበር፦ «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። የፊቱን ፍሬን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል።» ከሁለቱ አንዱ ትክክል እንደነበር ያወቅሁት ሃያ ዓመት ቆይቼ ነው።

ከ300 ዶላር በላይ ከፍዬ ተመዘገብኩ። በኢንተርኔት የሚጠናው ክፍል ጥቂት ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ ክፍል ውስጥ ትንሽ፣ ሞተር ላይ ደግሞ በሁለት ቀን 10 ሰዓት ገደማ ነው። ተማሪዎቹ 12 ነበርን፣ አሰልጣኞቹ ሁለት። ሞተሩንም ሄልሜቱንም እነሱ ያቀርባሉ፤ ሞተሮቹ ትናንሽና ብዙ የተጋጩ ናቸው፣ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው፤ የሰው ንብረት ጣልኩ ብሎ የሚሳቀቅ የለም።

የመጀመሪያው ሰዓት ሰልችቶኝ ነበር፣ አልዋሽም። ሞተር አጥፍቶ መግፋት፣ ፎሌ (ማርሽ የሌለበት ቦታ) ላይ ማድረግ፣ መቆሚያውን መምታት። ቀጥሎ ማርሽ አስገብተን ነዳጅ ሳንሰጥ ፍሪሲዮኑን ብቻ በጥቂቱ እየለቀቅን ወደፊት ወደኋላ መንቀሳቀስ ጀመርን። ፍሪሲዮኑ መያዝ የሚጀምርባትን ቦታ በእንግሊዝኛ «ፍሪክሽን ዞን» ይሏታል። ብቻዬን ሳቅሁ። እትዬ መጥተው ምን እንዳሳቀኝ ጠየቁኝ። እኛ አገር ሹፌር ሁሉ ይህችን ነገር ከጣሊያን በወረስነው ስም ፍሪሲዮን እንደሚላት ነገርኳቸው፤ ፍሬንም፣ ማርሽም፣ ፍሬቻም፣ ስፖኪዮም እንዲሁ። «ታዲያ ቃሉን ካወቅህ እጅህ ለምን አያውቀውም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሞተሩ በዚያ ሰዓት ውስጥ ስድስት ጊዜ ጠፍቶብኛል።

እጄን በእርግጥ የቀየሩት ግን ከሰዓት በኋላ ነው። ቀጥ ብላችሁ ንዱ፣ ምልክቱ ጋ ስትደርሱ በአጭሩ ቁሙ ተባልን። እኔ እንደለመድኩት በእግሬ የኋላውን ብቻ ረገጥኩ። የኋላ ጎማ ጮኸ፣ ቂጡ ወደ ጎን ሄደ፣ ከተባለው መስመር ብዙ አልፌ ቆምኩ። እትዬ አልተቆጡም። ሞተሩ አጠገብ ተንበርክከው አስረዱኝ፦ ስታቆም ክብደትህ ሁሉ ወደፊት ይሄዳል፤ የፊት ጎማ መሬቱን ይበልጥ ይነክሳል፣ የኋላው ደግሞ ይቀላል፤ የቀለለውን ጎማ አጥብቀህ ከያዝከው ይንሸራተታል። ከማቆም ኃይሉ 70 በመቶ የሚያህለው የፊቱ ነው። የሚገለብጠው ፍሬኑ ሳይሆን በድንጋጤ ጨምድዶ መያዙ ነው። «አውቶቡስ ላይ ሳለሁ ሕፃን መንገድ ሳሻግር» አሉ፣ «እጁን ቀስ እያልኩ አጠብቃለሁ እንጂ አልነጥቀውም። ፍሬኑንም እንደዚያ ያዘው።» ሃያ ጊዜ ያህል አስደጋገሙኝ። ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ፤ እሳቸውም አልበሉም። ምስጋናዬ ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

የገዛ ስህተቴ የእኔ ብቻ እንዳልነበር በኋላ ሳነብ አወቅሁ። ሃሪ ኸርት የሚባል የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን እየተከታተለ አጥንቶ በ1981 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ ውጤቱን አውጥቶ ነበር። ብዙዎቹ ሞተረኞች በመጨረሻዋ ሰዓት ያደረጉት እኔ ያደረግሁትን ነው፤ የኋላውን አጥብቀው ይዘው ተንሸራትተዋል፣ የፊቱን ግን በሚገባ አልያዙትም። ከእነዚያ ሞተረኞች 92 በመቶው በራሳቸው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። አጎቴን ልወቅስ አይደለም፤ አጎቴ በብዙ አገር አሉ።

ሌላው ዓይን ነው። መሬት ላይ በተሰመረ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ዞሮ መመለስ የሚባል ልምምድ አለ፤ ሁላችንንም ያላበን እሱ ነው። ፕላስቲክ ምልክቱን እንዳልነካ እያየሁት እሄዳለሁ፣ እነካዋለሁ። እንደገና፣ እነካዋለሁ። እትዬ መውጫው ላይ ሄደው ቆሙና «እሱን ተወው፣ እኔን እየኝ» አሉ። አንገቴን አዙሬ እሳቸውን አየሁ፣ ሞተሩ እንደታዘዘ በቅሎ ዞሮ መጣ። ሞተር ዓይን የሄደበት ነው የሚሄደው። ከፍ ባለ ፍጥነት ደግሞ ወደ ግራ ለመሄድ የግራውን እጀታ ወደፊት መግፋት ነው፤ ስትሰሙት የተገላቢጦሽ ይመስላል፣ እጃችሁ ግን በአንድ ቀን ያምናል።

ከእኛ መሃል አንዲት ነርስ ነበረች፤ የሌሊት ተረኛ ሆና በቀጥታ ከሥራ የመጣች። ሁለት ጊዜ ወደቀች። እትዬ ወደ ጥላው ወስደው ለረጅም ጊዜ አነጋገሯት፤ ሄልሜቷን አውልቃ ወደ ቤቷ ሄደች። በሰዓቱ ክፉ መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቃቸው «ገንዘቧን ተቀብዬ የማለፊያ ካርድ ሰጥቼ ብሸኛት ደግ ነኝ ማለት ነው?» አሉኝ። የት ልማር ብላችሁ ስትጠይቁ ስንቱ አለፈ ብቻ ሳይሆን ማንንስ መልሰው ያውቃሉ ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። እሑድ ማታ ፈተናውን ካለፍን በኋላ እትዬ ሰበሰቡን። ሰው ሁሉ ፎቶ ለመነሳት ተዘጋጅቷል። «እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉ፣ «ዛሬ መኪና በሌለበት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሞተር መንዳት ችላችኋል።» ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። በሁለት ቀን ውስጥ ፍጥነታችን በሰዓት ከ20 ማይል ብዙም አላለፈም። ትራፊክ የለም፣ ሌሊት የለም፣ ፈጣን መንገድ የለም፣ ሰው ማፈናጠጥ የለም፣ የቀለጠ አስፋልትና የተበተነ ጠጠር የለም። የሚያሳዩት በክፍል ውስጥ በሥዕል ነው። የማለፊያ ካርዱን ለኤምቪኤ (መንጃ ፈቃድ ለሚሰጠው የሜሪላንድ መሥሪያ ቤት) ስታሳዩ ግን የመንዳት ፈተና ሳትፈተኑ ክላስ ኤም፣ ማለትም የሞተር መንጃ ፈቃድ፣ ይሰጣችኋል፤ ለእኔም ተሰጠኝ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደሚባለው፣ ኮርሱ እስከ መንገዱ ጫፍ ነው ያደረሰኝ።

ይህን ምክር በጆሮዬ ሰምቼ በሳምንቱ ምን አደረግሁ? መጀመሪያ አንድ ሞተር መሸጫ ሄድኩ። ሻጩ ካርዴን አይቶ 1000 ሲሲ የሆነች ሞተር ላይ አስቀመጠኝና «አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ትንሿ በወር ትሰለችሃለች» አለኝ። እግዚአብሔር ይስጣት፣ ባለቤቴ አብራኝ ነበረች፤ ያገለገለች 300 ሲሲ ገዝተን ወጣን። ከዚያ በአምስተኛው ቀን፣ ጠዋት መንገዱ ባዶ ነው ብዬ፣ በጆርጂያ አቬኑ ገብቼ 495 የሚባለው ፈጣን መንገድ ላይ ወጣሁ። ባዶ አልነበረም። 55 በተጻፈበት ሰው 70 ይነዳል፤ አንድ ትልቅ ከባድ መኪና ሲያልፈኝ ነፋሱ ጎትቶ መልሶ ገፋኝ፤ እጄ ድርቅ አለ፣ የእትዬ ትምህርት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። የቀረችኝ አንዲት ነገር ነበረች፦ ከባድ መኪናውን ሳይሆን ልሄድበት የፈለግሁትን ቦታ ማየት። በኮነቲከት አቬኑ ወጣሁና ዳር ይዤ ቆሜ ተንቀጠቀጥኩ።

ደወልኩላቸው። ማጽናኛ ጠብቄ ነበር። «ማን እዚያ ሂድ አለህ?» ነበር መልሳቸው። ከዚያ የሰጡኝ የቤት ሥራ ይህ ነው፦ በወሩ ሙሉ እሑድ ጠዋት በ12 ሰዓት ባዶ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠላሳ ደቂቃ ማቆምና መዞር ብቻ፤ ከዚያ የሰፈር መንገድ፤ ከዚያ የትራፊክ መብራት ያለበት፤ ፈጣን መንገድ በመጨረሻ፣ ያውም ልምድ ካለው ሰው ኋላ። መስቀለኛ ላይ ደግሞ ሁለት ጣት ፍሬኑ ላይ ማድረግ፣ ከፊት ለፊት ወደ ግራ ሊታጠፍ የቆመውን መኪና ሹፌር ፊት ሳይሆን የፊት ጎማውን ማየት። ሹፌሩ ዓይናችሁን አይቶም ላያያችሁ ይችላል፤ ጎማው ግን ሊነሳ ሲል ይናገራል። በኸርት ጥናት ሞተር ከሌላ መኪና ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛው የደረሱት መኪናው የሞተረኛውን ቅድሚያ ሲነሳው ነው።

ኮርሱ ሕይወት ያድናል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ በቀጥታ አዎ ብዬ አልምልላችሁም። እንደ ፈረንጆቹ በ2010 የታተመ አንድ የኮክሬን (የጤና ጥናቶችን እየሰበሰበ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ በየአገሩ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስቦ አይቶ፣ የጥናቶቹ ጥራት ደካማ ስለሆነ ስልጠና አደጋ ይቀንሳል ወይም አይቀንስም ብሎ መደምደም አልቻለም። ያ 92 በመቶም ቢሆን ብዙ ጊዜ ለማስታወቂያ ይጠቀሳል፤ ግን በዚያ ዘመን ያልተማረው ስንት ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሥርዓተ ትምህርቱን የሚያወጣው ድርጅትም እንደ ፈረንጆቹ በ1973 የተመሠረተና ሞተር አምራቾች የሚደግፉት ነው። ይህን ለሐሜት አላነሳሁትም፤ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ግን የሚያስተምራችሁ ወገን ሞተር እንድትገዙም እንደሚወድ ማወቅ አይከፋም። እዚህ አገር በአንድ ማይል ጉዞ ሲሰላ ሞተረኛ በመኪና ውስጥ ካለ ሰው ከ20 ጊዜ በላይ ለሞት የቀረበ ነው። እኔ ይህን አውቄ ነው የምነዳው፤ እናንተም አውቃችሁ ወስኑ። ሄልሜት በሜሪላንድ ግዴታ ነው፤ ግዴታ ባይሆንም አድርጉት፤ የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት የሞተረኛን ሞት በ37 በመቶ ይከላከላል ብሎ ይገምታል።

ባለፈው ሰሞን አጎቴ ጋ ደውዬ ስለ ፊት ፍሬኑ ነገርኳቸው።
«አርባ ዓመት የኋላውን ይዤ ምን ሆንኩ?» አሉ።
«ጋሼ፣ እግርዎ ላይ ያለው ጠባሳስ?»
«እሱማ ውሻ ነው። ድንገት ገባብኝ።»
«ታዲያ ያኔ የትኛውን ፍሬን ያዙ?»
ዝም አሉ። «እናትህ ደህና ናት?» አሉኝ።

እትዬን የምጠቁማችሁ እንግዲህ ለሦስት ዓይነት ሰው ነው፤ ምንም ለማያውቅ፣ እንደ እኔ አውቃለሁ ለሚል፣ እና ሞተር ለእኔ ይሆን አይሆን ብሎ ለሚያመነታ። ለሦስተኛው በተለይ፤ ሞተር ገዝቶ ከመጸጸት ኮርሱን ከፍሎ «አልሆነኝም» ማለት በጣም ይረክሳል። ቀድሞ ለብዙ ዓመት ለነዳ ሰው የጀማሪው አይበቃም፤ በራስ ሞተር የሚወሰድ ቀጣይ ኮርስ አለ፣ እኔም በመጪው ጸደይ ተመዝግቤያለሁ። በኤምቪኤ ድረ ገጽ የሞተር ሳይክል ደህንነት ፕሮግራሙን ብትፈልጉ በየካውንቲው ያሉት ማሰልጠኛዎች ይዘረዘራሉ፤ በሞቃት ወራት ቶሎ ስለሚሞላ አስቀድማችሁ ያዙ።

ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ሙሉ ጣት ያለው ጓንት፣ እጅጌ ያለው ልብስና ጂንስ ግድ ነው፤ ያለዚያ ይመልሷችኋል። ውሃ ያዙ፤ አስፋልቱ ላይ ጥላ የለም። ለሁለት ቀን ብላችሁ ጓንት አትግዙ፤ የእኔ መካከለኛ ቁጥር ነው፣ ለሚሆነው አውሳለሁ። የማሰልጠኛውን ቦታ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ የእትዬን ቡድን ስትይዙ ቅዳሜ ቁርስ በልታችሁ ሂዱ፣ ምሳ ላይደርሳችሁ ይችላል።