ውሻችን ቦቢ ቤት ውስጥ ፀጉሩን ሲቆረጥ ተጎዳ፦ ደሴ ላይ ያሳከምንበት ክሊኒክና የሂሳቡ ነገር

ደሴና አካባቢዋ ውሻ ወይ ድመት ያላችሁ ሰዎች ይሄን አንብቡት። እንስሳ ሲጎዳ ሰው ቀድሞ ሚጨነቀው ስንት ያስከፍሉኝ ይሆን ብሎ ነው፣ መልስ ሚሰጥ ግን አይገኝም፣ በዛው ፍራቻ ስንቱ ውሻ ግቢ ውስጥ ቁስሉን እየላሰ ቀረ። እኛ ያሳከምነው ከፒያሳ ብዙ ማይርቅ አንድ የግል የእንስሳት ክሊኒክ ነው፣ በህክምናውም በሂሳብ አያያዛቸውም በጣም ደስ ብሎኛል፣ ጉድለትም አለባቸው እሱንም እጽፋለሁ። ስሙን እዚህ ያልጠራሁት ዶክተሩን ስላላስፈቀድኩት ነው።

ቦቢ የአክስቴ ውሻ ነው፣ ትንሽዬ ነጭ ፀጉራም። ክረምቱን ደሴ ያሳለፈ ያውቀዋል፣ ከጦሳ ተራራ ጉሙ ይወርድና ግቢው ቀኑን ሙሉ ሳይደርቅ ይውላል፣ የቦቢም ፀጉር እየረጠበ እየደረቀ ብብቱ ስርና ከጆሮው ኋላ ተቋጥሮ ማበጠሪያ ማያስገባ ሆነ። አክስቴ የሰፈራችንን ፀጉር ቆራጭ ልጅ ለመነችውና ቶንዶሱንና መቀሱን ይዞ ቤት ድረስ መጣላት። ልጁ ሰው ሲቆርጥ እጁ የተባረከ ነው፣ ይሄን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል። ግን የውሻ ቆዳ እንደ ሰው ራስ ቆዳ ተወጥሮ የተቀመጠ አይደለም፣ ልል ነው፣ የተቋጠረውን ፀጉር ሳብ ሲያደርጉት ቆዳውም አብሮ ይነሳል፣ ከላይ ለሚያይ ሰው ግን የያዘው ፀጉር ብቻ ነው ሚመስለው። መቀሱ ሲገባ የፊት እግሩ ብብት ስር ያለው ቆዳ ተከፈተ።

ግቢው ተሯሯጠ። አንዷ ጎረቤታችን፣ ከልቧ አዝና ነው፣ የተፈጨ ቡና በስኒ ይዛ መጣች ደሙን እናቁምበት ብላ። እኔ ኧረ አይሆንም አልኩ። ቡና ሰው ላይም ቢሆን ቁስል ያቆሽሻል፣ ውሻ ደግሞ ይልሰዋል፣ በቡና ውስጥ ያለው ካፌን ለውሻ መርዝ ነው። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ መለጠፍም እንደዛው ነው፣ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻና የድመት ደም ሚጎዳ ነገር ነው። ንጹህ ጨርቅ አጣጥፈን ቦታው ላይ ጫን አድርገን ያዝነው፣ እየገለጥን አሁን ቆመ አልቆመ ሳንል፣ ደሙ ቀስ ብሎ ቆመ። አፉን ደግሞ በሻሽ ላላ አድርገን አሰርነው፣ ምክንያቱም ምንም ያህል ሚወዳችሁ ውሻ ቢሆን ሲያመው ይነክሳል፣ ከተነከሳችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከወጣ በኋላ መዳኛ የለውም።

እሺ ወደ ብሩ ልምጣ።

መጀመሪያ የደወልነው እየዞረ ለሚወጋ ሰው ነው፣ በየሰፈሩ አለ እንደዚህ አይነት፣ ሲሪንጅና ጠርሙስ በቦርሳ ይዞ ሚመጣ። ስንት ነው ስንለው "እናያለን፣ አትቸገሩም" አለ። ቁስሉ ምን ያህል ነው፣ መቼ ነው የተቆረጠው፣ ስንት ኪሎ ነው አላለም፣ አንድ መርፌ ወግቼው ይድናል ነው ያለው። በስልክ ሳያይ! ይሄ በጣም ነው ሚያናድደኝ። አንቲባዮቲክ የተከፈተ ቆዳ አይዘጋም፣ ሳይታጠብ ሳይሰፋ መርፌ ብቻ ተወግቶ ሲያመረቅዝ እንደገና ይጠራል፣ እንደገና ይከፈለዋል፣ መጨረሻ ላይ ክሊኒክ ሲሄዱ የሞተውን ስጋ ቆርጦ ማጽዳትም ሊመጣ ነው፣ ሂሳቡ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ርካሽ ሚመስለው መንገድ ነው ብዙ ሰው ብሩን ያስጨረሰው።

ሌላው ሰው ደግሞ ኮምቦልቻ ውሰዱት አለን፣ ትልቅ የእንስሳት ላቦራቶሪ አለ ብሎ። ላቦራቶሪውማ አለ፣ ግን እሱ ሚሰራው የእንስሳት በሽታ ናሙና መመርመር ነው፣ ቁስል ለማሰፋት ሚኬድበት ቦታ አይደለም፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ደም ሚፈሰው ውሻ ይዞ መውረድ ለምን። የመንግስት ክሊኒክም ሄዳችሁ ብትሞክሩ ክፋት የለውም፣ ክፍያውም ይቀላል፣ ግን እነሱ በዋናነት የተደራጁት ለከብት፣ ለበግና ፍየል፣ ለጋማ ከብት ነው፣ አራት ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ሚሆን ማደንዘዣና ቀጭን ክር በሄዳችሁበት ቀን ላይኖር ይችላል። ይሄን ስወቅስ አይደለም፣ ገበሬው በሬው ሲታመምበት ነው ኑሮው ሚቆመው።

በባጃጅ ወደ ግል ክሊኒኩ ወሰድነው። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ እዚሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ እንስሳት ህክምና ትምህርት ቤት የተማረ፣ እጁን ታጥቦ ጓንት አርጎ ቁስሉን አየና ከማንኛውም ነገር በፊት ቦቢን ሚዛን ላይ አወጣው። ማደንዘዣ በኪሎ ነው ሚሰላው፣ ስለዚህ ትልቅ ውሻ ያለው ሰው የበለጠ ይከፍላል፣ ይሄን ብዙ ሰው ስለማያውቅ "ለጎረቤቴ በዚህ ነው የሰሩለት" እያለ ይጣላል። ከዛ ለአክስቴ እንዲህ አላት፣ "እናቴ፣ ሁለት መንገድ አለን፣ እየታጠበ ክፍቱን እንዲድን መተው ይቻላል፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ግን ብብት ሲራመድ ሁሌ ስለሚንቀሳቀስ በቀላሉ አይገጥምም፣ በየጊዜው መመላለስ አለ። ወይ ዛሬውኑ አደንዝዘን እንሰፋዋለን።" እና ሁለቱንም በወረቀት ላይ ጽፎ ሰጣት፣ ካርድ ይሄን ያህል፣ ማደንዘዣ ይሄን ያህል፣ ስፌት፣ የህመም ማስታገሻ፣ አንቲባዮቲክ፣ ስፌት ማውጣት ነጻ። አክስቴ ወረቀቱን ይዛ ወጥታ እኔን አማከረችኝ፣ ማንም አላጣደፋትም። እኔ ለዚህ ብቻ ሙሉ ነጥብ እሰጣቸዋለሁ! ሰው ልጁ ሚወደው እንስሳ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ዋጋ መጠየቅ ያሳፍረዋል፣ ዶክተሩ ቀድሞ ሲናገር ያ ሀፍረት ይነሳል።

የብሩን ቁጥር እዚህ መጻፍ አልፈልግም፣ ነገ ይቀየርና ሰው ይዞት ሄዶ ይከራከራል፣ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብሩ በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ ሚገባ መድኃኒት ዋጋው አንድ ቦታ አይቆምም። ግን አከፋፈሉን ልንገራችሁ፣ ካርዱ ምንም አይደለም፣ ከግማሽ በላይ የወሰደው ማደንዘዣውና ስፌቱ ነው፣ ቀሪው መድኃኒት ነው። ስለዚህ በካርድ ዋጋ ክሊኒክ አትምረጡ። ቶሎ መድረሳችንም ጠቅሞናል፣ ዶክተሩ እንዳለው ንጹህ የተቆረጠ ቁስል ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይሞላው ቢመጣ አጥቦ መስፋት ይቻላል፣ አድሮ ከመጣ ግን ጀርም ስለሚይዝ ዝም ብሎ አይዘጋም፣ ስራውም ወጪውም ይጨምራል።

አክስቴ በእለቱ የያዘችው ብር አልሞላም ነበር። ከፊሉን በቴሌብር ከፈለች፣ ዶክተሩም ቀሪውን ስፌት ሲወጣ ትሰጪኛለሽ አላት፣ ደረሰኙ ላይ ቀሪ ብሎ ጻፈበት። ሁሉም ክሊኒክ እንደዚህ ያደርጋል ማለት አይደለም፣ ግን መጠየቅ ነውር የለውም፣ ከስራው በፊት ግን ጠይቁ፣ ውሻው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ብር አልሞላልኝም ማለት ባለሙያውንም ማስቀየም ነው።

የፀጉር ቆራጩ ልጅ ነገርስ? እሱ ያን ቀን ፊቱ አመድ መስሎ ነው ክሊኒክ ድረስ ተከትሎን የመጣው፣ ሙሉውን እኔ እከፍላለሁ አለ። አክስቴ እምቢ አለች፣ ለምኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብላ። እሱም አልቀበልም አለ። ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ቶናው ላይ ሲደረስ ያቺው ጎረቤታችን "በሉ እንግዲህ እኩል ያዙት፣ ማንም ማንንም አይቀየም" አለችና እኩል ተካፈሉት፣ የሱን ድርሻ ደግሞ እቁብ ሲወጣለት ይሰጣል ተባለ፣ ሰጠም። ሰው ቤታችሁ መጥቶ እንስሳ ሚነካ ከሆነ ይሄን ነገር ከስራው በፊት ብትነጋገሩት ይሻላል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን ይከፍላል የሚለውን፣ የሰፈር ልጅ ሲሆን በይሉኝታ ስለሚታለፍ ነው በኋላ ቅያሜ ሚመጣው።

ከህክምናው በኋላ ያለውም ክትትል ጥሩ ነው። ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ ሚደረገው ኮን ክሊኒኩ ውስጥ አልነበረም፣ ዶክተሩ ከአሮጌ የራጅ ፊልም ቆርጦ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኖ ሰራለት፣ ለዚያ አላስከፈለንም። ስፌት በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 ቀን ነው ሚወጣው፣ እስከዛ ኮኑ አይወልቅም፣ አሳዘነኝ ብላችሁ ማታ ማታ ካወለቃችሁለት በጥርሱ ይፈታውና ሁሉ ነገር ከዜሮ ይጀመራል፣ ሌላ ማደንዘዣ ሌላ ክፍያ። ቤት ውስጥ ያለ የሰው ማስታገሻ እንዳንሰጠው አጥብቆ ነገረን፣ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ የውሻን ጨጓራ ያደማሉ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ይሄን በተለይ ፋርማሲ ሄዳችሁ "ለውሻ ነው" ብላችሁ ምትገዙ ሰዎች ስሙኝ።

ጉድለታቸውን ልበል። ዶክተሩ አንድ ስለሆነ ገጠር ላም ለማዋለድ ከወጣ በሩ ዝግ ነው፣ ሳትደውሉ አትሂዱ። ማታ ማንም የለም። ቀጭኑ የስፌት ክር አልቆባቸው ከሰው ፋርማሲ ግዙ ብለው ልከውን ነበር፣ ቦቢ ደሙ የቆመለት ስለሆነ ነው እንጂ ያ ሩጫ ልብ ያደክማል፣ እንደዚህ አይነት ነገር ክሊኒኩ ራሱ ማሟላት ነበረበት። ማቆያው ክፍል ጠባብ ነው፣ ድመት ይዛችሁ ከመጣችሁ በካርቶን ወይ በቅርጫት ከድናችሁ አምጡ፣ አጠገቧ በግና ውሻ ነው ሚቆመው።

የተቋጠረ ፀጉር በተመለከተ ዶክተሩን ጠይቄው የነገረኝን ልጨምር፣ በመቀስ አይነካም፣ ቶንዶስ ነው ሚሻለው፣ እሱም ሲግል እያረፉ፣ የጋለ ቶንዶስ ቆዳ ያቃጥላል። የግድ መቀስ ከሆነ በቆዳውና በቋጠሮው መሀል ማበጠሪያ ገብቶ ከማበጠሪያው በላይ ነው ሚቆረጠው። ቋጠሮው ሳይፈታ ማጠብም አይገባም፣ ውሃ ሲነካው የባሰ ይጠብቃል። በጣም የጠነከረ ከሆነና ውሻው ሚፈራ ከሆነ ክሊኒኩ ራሱ በቀጠሮ ይቆርጣል፣ ዋጋውን ጠይቄ ነበር፣ ለስፌት ከከፈልነው በብዙ ያነሰ ነው። ቦቢን ለሚቀጥለው እዛ ነው ምንወስደው፣ አክስቴ ቀጠሮ ይዛለች።