በእንግሊዝ ቤት ለሚገዙ፦ ደላላው የሚጠቁመው የኦንላይን ድርጅት ወይስ የሰፈር ጠበቃ?

ለንደን ውስጥ ቤት ለመግዛት የተነሣ ወዳጅ ሁሉ ሞርጌጁ በተፈቀደለት ሳምንት ደውሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ደላላው ርካሽ የኦንላይን ድርጅት ጠቁሞኛል፤ እሱን ልያዝ ወይስ እዚሁ አካባቢ ሶሊሲተር ልፈልግ?» እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጀመሪያውን ፍላት ስንገዛ የስም ዝውውሩን ያሠራነው ደላላው በጠቆመን የኦንላይን ድርጅት ሲሆን፣ በ2022 ወደ ቤት ስንዛወር ደግሞ ከመኖሪያችን 10 ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ አነስተኛ የጠበቃ ቢሮ ነው። ምክሬን ከወዲሁ ልናገርና፣ የሰፈሩን ቢሮ ያዙ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለእንግሊዝና ለዌልስ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ስለ ስታምፕ ዲዩቲ (የቤት ግዢ ግብር) የምለው ግን ለእንግሊዝ ብቻ ነው፣ ዌልስ የራሷ ግብር አላት፤ የስኮትላንድ አሠራር ሌላ ነው።

ከዋጋው ልጀምር፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የኦንላይኑ ድርጅት የጠራልን ዋጋ 699 ፓውንድ ነበር። በዚያው ሳምንት የጠየቅነው የሰፈር ቢሮ 1,250 ፓውንድ ስላለን፣ ብዙም ሳናመነታ ርካሹን ያዝን። በመጨረሻ የመጣው ሒሳብ ግን ፍላቱ ሊዝሆልድ (ለተወሰነ ዘመን ብቻ የሚያዝ) ስለሆነ 250፣ ለአበዳሪው ባንክም ጭምር ስለሚሠሩ 125፣ የስታምፕ ዲዩቲ ቅጽ ለመሙላት 85፣ የእኔንና የባለቤቴን ማንነት ለማጣራት 40፣ ሁለት ጊዜ ገንዘብ በባንክ ለማስተላለፍ 70፣ እኅቴ የሰጠችንን ገንዘብ ለመመርመር 60 ፓውንድ ተጨምሮበት 1,329 ደርሶ ነበር። በዚህ ላይ 20 በመቶ ቫት ሲታከል 1,594 ፓውንድ ከ80 ፔንስ ከፈልን። የሰፈሩ ቢሮ 1,250 እነዚህን ሁሉ የሚያጠቃልል ስለነበር ከነቫቱ 1,500 ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ ማንንም ስትጠይቁ «ከነቫቱ፣ ሊዝሆልድ መሆኑንና ባንክ መኖሩን ጨምሮ፣ የመጨረሻው ድምር ስንት ነው?» በሉና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የካውንስል፣ የውኃና ፍሳሽ እንዲሁም የአካባቢ ፍተሻ ክፍያዎችና የላንድ ሬጂስትሪ የምዝገባ ዋጋ ለብቻቸው የሚከፈሉ ናቸው፤ ማንንም ብትይዙ ብዙም ስለማይለያዩ በእነሱ ላይ አትጨነቁ።

ብዙ ደላሎች ለሚልኩት ለእያንዳንዱ ደንበኛ ከድርጅቱ ክፍያ ያገኛሉ። ይህ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ነገር ግን ክፍያው መኖሩና መጠኑ ለእናንተ ሊገለጽ ይገባል። እኛ አልጠየቅንም፣ ከተላከልን ወረቀት መካከል የነበረችውን አንዲት መስመርም ያነበብናት ዘግይተን ነው። የደላላውን ጠበቃ የመያዝ ግዴታ እንደሌለባችሁ ግን እርግጠኛ ሁኑ፤ ደላላው የሚሠራው ለሻጩ ነው።

ከዋጋው የበለጠ የጎዳን ግን የሊዙ ዘመን ነበር። አገር ቤት ሊዝ ስንል ከመንግሥት የሚወሰደው መሬት ነው የሚታሰበን፤ እዚህ ሊዝሆልድ ፍላት የገዛ ሰው ግን ቤቱን የሚይዘው በውሉ ለተወሰነው ዘመን ብቻ ሲሆን፣ የሕንጻው ባለቤት ሌላ ነው። የቀረው ዘመን ከ80 ዓመት በታች ሲወርድ፣ ለማራዘም የሚከፈለው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከፍ ይላል፤ በማራዘሙ ምክንያት ፍላቱ ከሚጨምረው ዋጋ ግማሹ ለሕንጻው ባለቤት የሚታሰብበት ሕግ ስላለ ነው። እኛ ስንገዛ የቀረው 81 ዓመት ከጥቂት ወራት ነበር። በዚያ ጊዜ ሕጉ ገዢው ሁለት ዓመት ሳይቆይ ማራዘሚያ እንዲጠይቅ አይፈቅድለትም ነበር፤ ስለዚህ መብቱን ስናገኝ ዘመኑ 79 ውስጥ ገብቶ ነበር። መፍትሔው ግን በእጃችን ነበር፤ ከርክክቡ በፊት ሻጩ የማራዘሚያ ማስታወቂያውን በራሱ ስም ሰጥቶ መብቱን ለእኛ ማስተላለፍ ይችል ነበር፤ ይህም ጠበቆች ዘወትር የሚያደርጉት ሥራ ነው። ያስታወሰን ሰው አልነበረም። በአምስት ወር ውስጥ ፋይላችንን አራት ሰዎች ተቀባብለውታል፤ አንዳቸውንም በድምፅ እንጂ በአካል አላየናቸውም። ቅሬታ ስናቀርብ የተሰጠን መልስ «የቀረው ዘመን በሪፖርቱ ገጽ 41 ላይ ተገልጿል» የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ቁጥሩ ተጽፏል፤ የቁጥሩ ትርጉም ግን የትም አልተጻፈም። ሊዙን ስናራዝም የሁለቱን ወገን ጠበቃና ገማች ጨምሮ 14,000 ፓውንድ ወጣብን፤ ገማቹ ከ80 በላይ ሳለ ቢሆን 5,000 ያህል ይቀንስላችሁ ነበር ብሎናል። መጀመሪያ ከተጠራልን 699 ፓውንድ አጠገብ ይህንን ቁጥር አስቀምጡት።

የሁለት ዓመቱ ቆይታ ከጥር 2025 መጨረሻ ጀምሮ ቀርቷል። የ80 ዓመቱ ተጨማሪ ክፍያ እንዲቀር በ2024 የወጣው ሕግ ደንግጓል፤ ያ ክፍል ሥራ ላይ መዋል አለመዋሉን ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠበቃችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። በጠበቃችሁ ላይ ቅሬታ ካላችሁ መጀመሪያ የምታቀርቡት ለራሱ ለድርጅቱ ነው፤ በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልፈታው ወይም መልሱ ካላረካችሁ ያለ ክፍያ ወደ ሊጋል ኦምቡድስማን መሄድ ትችላላችሁ።

ለእኛ ኅብረተሰብ ከሁሉ የሚከብደው የገንዘቡ ምንጭ ጥያቄ ነው። ጠበቃው በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል በወጣው ደንብ መሠረት፣ የቅድሚያ ክፍያችሁ ከየት እንደመጣ የማጣራት ግዴታ አለበት። ከዲፖዚታችን 12,000 ፓውንድ የዕቁብ ገንዘብ ነበር። የኦንላይኑ ቅጽ ደመወዝ፣ ቁጠባ፣ ስጦታ፣ ውርስ ብሎ ምርጫ ያቀርባል፤ ዕቁብ የሚባል ነገር የለውም። «ስጦታ» ብለን ብንሞላ የማይመለስ መሆኑን ሰጪው እንዲፈርም ይጠየቃል፣ እሱም ሐሰት ይሆናል። ይህን ለአራት የተለያዩ ሰዎች አራት ጊዜ ስናስረዳ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ሻጩም ሊተወን ደርሶ ነበር፤ ውል እስኪለዋወጥ ድረስ ደግሞ እሱም እናንተም ያለ ቅጣት መውጣት ትችላላችሁ። በሁለተኛው ግዢ ጠበቃችን የጠየቁን የዕቁቡ ጸሐፊ የፈረመበት የአባላትና የዙር ዝርዝር፣ እንዲሁም በየወሩ ስንከፍል የሚያሳይ የባንክ መግለጫ ብቻ ነበር፤ በሁለት ቀን አለቀ። ዕቁባችሁን በጥሬ ገንዘብ የምትሰበስቡ ቤት የመግዛት ሐሳብ ካላችሁ ከዛሬ ጀምሮ በባንክ አድርጉት።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ወይም የውርስ ቤት ያላችሁ ደግሞ ይህን በጥንቃቄ አንብቡ። የመጀመሪያ ቤት ገዢ የሚያገኘው የስታምፕ ዲዩቲ ቅናሽ የሚሰጠው በዓለም ላይ የትም ቦታ መኖሪያ ቤት ኖሮት ለማያውቅ ሰው ነው፤ ሁለት ሆናችሁ ከገዛችሁ ሁለታችሁም ይህን ማሟላት አለባችሁ። ከሚያዝያ 2025 ወዲህ ባለው ተመን በ400,000 ፓውንድ ቤት ላይ የመጀመሪያ ገዢ 5,000፣ ሌላው ገዢ 10,000 ይከፍላል። ሌላ አገር ያለው ቤታችሁ ወይም የትዳር ጓደኛችሁ ድርሻ 40,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ከሆነ፣ የምትኖሩበትን ቤት ሸጣችሁ የምትተኩ ካልሆነ በቀር፣ በጠቅላላ ዋጋው ላይ 5 በመቶ ይጨመርና 30,000 ይደርሳል። የኦንላይኑ ቅጽ የጠየቀን «የመጀመሪያ ቤታችሁ ነው?» ብቻ ነበር፤ ብዙ ሰው እዚህ አገር ያለውን ብቻ አስቦ አዎን ይላል። የሰፈሯ ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «አገራችሁ በስማችሁ ቤት አለ ወይ?» የሚል ነበር። ለተሳሳተ መልስ ተጠያቂው ፈራሚው ነው።

በሁለተኛው ቤት ጣሪያው ሥር የተሠራ መኝታ ክፍል ነበር። ጠበቃችን የሕንጻ ደንብ ማረጋገጫ ወረቀቱን ጠየቁ፣ ሻጩ የለኝም አለ። ቀጥሎ የነገሩን ነገር ባንሰማ ኖሮ ራሳችን ወደ ካውንስሉ ደውለን ነበር፤ ከደወላችሁ፣ አሉን፣ ለዚህ ጉድለት የሚገባው ኢንሹራንስ አይሰጣችሁም። ሻጩ ኢንሹራንሱን ከፈለ፣ እኛም ክፍሉን የሚመረምር ባለሙያ ቀጠርን። የጠበቃዋ ዋጋ 1,450 ፓውንድ፣ ከነቫቱ 1,740 ነበር፤ የከፈልነውም 1,740 ነው።

«ሶሊሲተር» (ጠበቃ) እና «ላይሰንስድ ኮንቬያንሰር» (በቤት ስም ዝውውር ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ) የሚለው ልዩነት ብዙ ሰው ያስጨንቃል። ሁለቱም ፈቃድና የሙያ መድን ያላቸው፣ የየራሳቸው ተቆጣጣሪ ያለባቸው ናቸው፤ ለተለመደ ግዢ ጥሩ ኮንቬያንሰር ከመጥፎ ሶሊሲተር ይሻላል። ፍቺ፣ የውርስ ክርክር ወይም የወሰን ጠብ ካለበት ግን ሶሊሲተር ያዙ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳያችንን በደንብ የጨረሰልንን ሐበሻ ጠበቃ ቤቱንም ይያዝልን ማለት የተለመደ ነው፤ ቋንቋ መግባባት ትልቅ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ዘወትር የቤት ሥራ የማይሠራ ቢሮ በባንካችሁ የጠበቆች ዝርዝር ውስጥ ላይኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ ባንኩ ሌላ ጠበቃ ይቀጥርና ወጪውን እናንተ ትሸከማላችሁ።

የኦንላይኑን ልትይዙ የምትችሉበት ሁኔታ አንድ ነው፦ ቤቱ ፍሪሆልድ (ያለ ዘመን ገደብ ከነመሬቱ የሚያዝ) ከሆነ፣ ገንዘቡ በሙሉ ከደመወዛችሁ የተቆጠበ ከሆነና ሌላ አገር ቤት ከሌላችሁ። ያን ጊዜም ቢሆን ገንዘብ የምታስገቡበትን የባንክ ቁጥር በኢሜይል ብቻ አትቀበሉ፤ አጭበርባሪዎች በጠበቃው ስም የተለወጠ ቁጥር እየላኩ የሰው ዲፖዚት ወስደዋል። በመጀመሪያው ቀን በያዛችሁት የስልክ ቁጥር ደውላችሁ የባንክ ቁጥሩን አስነብቧቸው። የሰፈሩ ቢሮ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ በእጃችን ሰጥቶናል።