ዊንዶውስ ላይ ፋይል ቶሎ ለማግኘት የቱ ይሻላል? ጃምፕ ሊስት፣ ኩዊክ አክሰስ ወይስ የዴስክቶፕ ሾርትከት

በቀጥታ ልናገር፣ ዊንዶውስ በቅርብ የከፈትናቸውን ፋይሎች ለማሳየት ካዘጋጃቸው ነገሮች ውስጥ ምርጡ ጃምፕ ሊስት ነው። ታስክባር ላይ ያለውን የኤክሴል አይከን ራይት ክሊክ ስታደርጉ ወደ ላይ የሚወጣውን ዝርዝር ማለቴ ነው። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ 2009 ማለት ነው፣ አለ፤ ስንቱ ሰው ግን አሁንም መጀመሪያ ኤክሴልን ከፍቶ ከዛ ፎልደር በፎልደር እየገባ ይዳክራል። ከፋይሉ ስም ጎን የምትመጣውን የፒን ምልክት ከነካችኋት ፋይሉ እዛው ይቀመጣል፣ ከዛ በኋላ ሌላ ምንም ያህል ፋይል ብትከፍቱ ገፍቶ አያስወጣውም።

ኩዊክ አክሰስ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣ ነው፣ ፋይል ኤክስፕሎረርን ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ የምትገቡባቸውን ፎልደሮችና በቅርብ የነካችኋቸውን ፋይሎች አንድ ላይ ያሳያል። ሀሳቡ አሪፍ ነው ግን በቅርብ የተከፈተ ሁሉ ተመልሶ ይፈለጋል ያለው ማነው? ትናንት አንዴ አይታችሁ የጨረሳችሁት ፒዲኤፍ ከላይ ተኮፍሶ ይቀመጣል፣ የወር ሪፖርቱ ቴምፕሌት ደግሞ በወር አንዴ ብቻ ስለሚከፈት በሌሎቹ ተገፍቶ ይወጣል፣ ልክ በሚፈለግበት ቀን የለም። ፎልደሮቹም ፒን ካልተደረጉ ራሳቸው ይገባሉ ራሳቸው ይወጣሉ፣ እጅ የለመደው ቦታ ላይ ሌላ ነገር ይቆያችኋል። ዊንዶውስ 11 ስታርት ሜኑ ላይ ሪኮመንድድ ብሎ ያመጣውን ዝለሉት፣ ያን ያህል ቦታ ይዞ የሚያሳየው ጥቂት ፋይል ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ የዘወትሩን ራሳችሁ ምረጡ፣ የቅርቡን ለማሽኑ ተዉለት። የዘወትሩን ፋይል ራይት ክሊክ፣ ሴንድ ቱ፣ ዴስክቶፕ (ዊንዶውስ 11 ላይ መጀመሪያ ሾው ሞር ኦፕሽንስ ማለት አለባችሁ፣ ምን ሊጠቅም እንደደበቁት እንጃ)፣ ወይም አልትን ተጭናችሁ ፋይሉን ወደ ዴስክቶፕ ጎትቱት፣ ሾርትከት ይሰራላችኋል። ከዛ የሾርትከቱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሾርትከት ኪ የሚለው ሳጥን ላይ አንድ ፊደል ምቱ፣ ኮንትሮል አልት ሲደመር ያ ፊደል ይሆናል፣ ከዛ ማውስ ራሱ አያስፈልጋችሁም። ስሙንም እንደፈለጋችሁ ቀይሩት፣ ዋናው ፋይል አይነካም። ደግሞ ሾርትከት መጠቆሚያ ብቻ ነው እሺ፣ እሱን ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጎ ፋይሉን ይዣለሁ ብሎ ስብሰባ የሚሄድ ሰው አይጠፋም።

ለቅርቡ አንድ ሾርትከት ይበቃል። ዊንዶውስ የከፈታችሁትን ፋይል ሾርትከት ሪሰንት የሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ እያስቀመጠ ነው የሚሄደው። ዴስክቶፕ ላይ ራይት ክሊክ፣ ኒው፣ ሾርትከት በሉና ኤክስፕሎረር፣ ስፔስ፣ ሼል፣ ኮለን፣ ሪሰንት ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ (explorer shell:recent)፣ ከኮለኑ ግራና ቀኝ ስፔስ እንዳይኖር። ሲከፈት በዴት ሞዲፋይድ ሶርት አድርጉት፣ ከኩዊክ አክሰስ በጣም ወደኋላ ይሄዳል፣ ባለፈው ሳምንት የት ሴቭ እንዳደረጋችሁት የጠፋባችሁን ፋይል ብዙ ጊዜ እዛ ታገኙታላችሁ።

ነጥብ የምቀንሰው ፕራይቬሲ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ከሰው ጋር የምትጋሩ ወይም ፕሮጀክተር ላይ የምትሰኩ ከሆነ የከፈታችሁት ፋይል ስም ለሁሉም ይታያል። አንዱን ብቻ ለማውጣት ራይት ክሊክ አድርጎ ከዝርዝሩ አስወግድ ማለት ይቻላል፣ ጠቅላላውን ለማጥፋት ግን ሴቲንግስ፣ ፐርሰናላይዜሽን፣ ስታርት ውስጥ ያለችው ማጥፊያ ለስታርቱም ለኤክስፕሎረሩም ለጃምፕ ሊስቱም አንድ ናት፣ በሷ አንዱን ትቶ ሌላውን ማጥፋት የለም፣ ለብቻው ማጥፋት የሚቻለው የኤክስፕሎረሩን ነው፣ እሱም ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብቶ። ጃምፕ ሊስትን ለሚወድ ሰው ይሄ ያናድዳል።